ከካሜራው ጀርባ የቆመው ማን ነበር?

ሰሞኑን ስልካችን ላይ የድሮ ፊልም በዝቷል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ ክራር ወይም በገና ተለጥፎበታል። ጃንሆይ ከባቡር ሲወርዱ፣ የክብር ዘበኛ ሰልፍ ሲያልፍ፣ በድሮዋ አዲስ አበባ አህያና መኪና ሲጋፉ እናያለን። ወደን እናጋራዋለን። "ወይ ጊዜ!" እንላለን። ማን ቀረጸው? መቼ? ማን ልኮት? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከወትሮው ይከብዳል። ማንም ሰው ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁለት መስመር ጽፎ በደቂቃዎች ውስጥ "የ1930ዎቹ ፊልም" ማሠራት ይችላል። ጭረቱም፣ መንቀጥቀጡም፣ የደበዘዘው ጠርዝም አብረው ይመጣሉ። አንድ ምስል ድሮ ስለመሰለ ብቻ የድሮ ነው ማለት አይቻልም።

ስለዚህ አንድ የጠፋ ሙያን መለስ ብለን ብናይ ይጠቅመናል ባይ ነኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ የሠሩትን፣ በሲኒማ ቤት ይታይ የነበረውን የዜና ፊልም የሚቀርጹ የብሪታንያ ካሜራማኖች ማለቴ ነው። አንደኛ፣ ዛሬ ከምንጋራው የድሮ ፊልም ብዙው የእነሱ የእጅ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የሠሩበት መንገድ ተንቀሳቃሽ ምስል መቼ ምስክር እንደሚሆን፣ መቼ ደግሞ እንደማይሆን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባርሃም ስትሰጥም

ጆን ተርነርን እንውሰድ። የጎሞንት ብሪቲሽ የዜና ፊልም ድርጅት ካሜራማን ነበር። በጦርነቱ ዘመን ከብሪታንያ ባሕር ኃይል ጋር ተመድቦ ይሠራ ነበር። ኖቬምበር 25 ቀን 1941 ከሰዓት በኋላ ቫሊያንት በምትባል የጦር መርከብ ላይ ሆኖ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነበር፣ ከግብፅ ጠረፍ ባሻገር። በአቅራቢያቸው ባርሃም የምትባል ሌላ ትልቅ የጦር መርከብ ትጓዛለች። ዩ-331 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በአጃቢዎቹ መሀል ሾልኮ ገባና ባርሃምን በሦስት ቶርፔዶ መታት።

ተርነር ካሜራውን አስነሳ። መርከቧ ወደ ግራ ታጋደለች። መርከበኞቹ በተገለበጠው ጎኗ ላይ ሲሯሯጡና ሲንሸራተቱ ይታያሉ። አራት ደቂቃ ያህል እንዳለፈ የጥይት ማከማቻዋ ፈነዳ። ጭሱ ሰማዩን ሸፈነው። በዚያ ቀን ከ860 በላይ ሰዎች ሞቱ። ተርነር ይህን ሁሉ እያየ ካሜራውን አላቆመም።

ፊልሙ ወዲያው ሕዝብ ፊት አልቀረበም። ጀርመኖች መርከቧ መስጠሟን እርግጠኛ እንዳልሆኑ ባሕር ኃይሉ ስለገባው ነገሩን ደበቀ። የሟቾች ቤተሰቦች መርዶው በደብዳቤ ደረሳቸው። ለማንም እንዳይናገሩም አደራ ተባሉ። ወሬው ይፋ የሆነው በጃንዋሪ 1942 መጨረሻ ነው። በመሀሉ ሄለን ደንካን የተባለች መንፈስ ጠሪ በፖርትስመዝ ከተማ የሞተ የባርሃም መርከበኛ ታየኝ ብላ ተናገረች። ኋላ በ1944 በ1735 በወጣ የጥንቆላ ሕግ ተከስሳ ታሰረች። የአንድ ፊልምና የአንድ ምስጢር ጉዳይ ምን ያህል ሰው እንደነካ ከዚህ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ነገራችን ዋናው ነው። የባርሃም ፍንዳታ በጣም "ጥሩ" ምስል ስለሆነ ብዙ ሰው ተጠቀመበት። ሌላ መርከብ ስትሰጥም ለማሳየት ገብቷል። በ1956 በወጣ፣ ስለ ጠፈር ወራሪዎችና ስለ በራሪ ሳህኖች በሚተርክ የሆሊውድ ፊልም ውስጥም ገብቷል። ልብ በሉ። እዚያ ምስል ውስጥ የሚንሸራተቱት ሰዎች የእውነት ሰዎች ናቸው። እናት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። ከምስሉ ላይ ስማቸው፣ ቀኑና ቦታው ሲላጥ ግን የማንም ፍንዳታ ሆኑ። ይህ የሆነው ኤአይ ከመምጣቱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። ምስልን ለማዋሸት ምስሉን መነካካት አያስፈልግም። ወረቀቱን መቅደድ ይበቃል።

ወረቀቱ

የምን ወረቀት? እዚህ ላይ ስለ ሥራቸው ትንሽ ላውራ።

ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ አምስት ትልልቅ የዜና ፊልም ድርጅቶች ነበሩ። ፓቴ፣ ሙቪቶን፣ ጎሞንት ብሪቲሽ፣ ፓራማውንትና ዩኒቨርሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ያወጡ ነበር። ሲኒማ ቤቶች ከዋናው ፊልም በፊት ያሳዩታል። ያኔ ሲኒማ የሕዝቡ ቤት ነበር። በ1946 ብቻ በብሪታንያ ከ1.6 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ተሸጧል። የአገሩ ሕዝብ ያኔ 50 ሚሊዮን አይሞላም። አንድ ሰው በአማካይ በዓመት ከ30 ጊዜ በላይ ሲኒማ ይገባ ነበር ማለት ነው። ቴሌቪዥን ገና በጥቂት ቤቶች ብቻ ነው። ዓለም ምን እንደምትመስል አብዛኛው ሕዝብ በዓይኑ የሚያየው በእነዚህ ካሜራማኖች ዓይን ነበር።

ካሜራው ከባድ ነው። ፊልሙ 35 ሚሊሜትር። ከሚወደዱት አንዱ ኒውማን ሲንክሌር የሚባለው፣ እንደ ሰዓት በመጠምዘዣ የሚሠራው ካሜራ ነበር። 200 ጫማ ፊልም ይይዛል። ያ ማለት ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። በእጅ የሚያዘው አይሞ ደግሞ 100 ጫማ ብቻ፣ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ። ከዚያ ፊልሙ ያልቃል፣ ማውጣት፣ ሌላ መክተት ነው። እኛ ዛሬ ስልካችንን ከፍተን ሠርግ ሙሉ እንቀርጻለን። የዚያን ጊዜ ካሜራማን ንጉሡ ከመኪና የሚወርድበትን ሰከንድ ቀድሞ መገመት ነበረበት። አንድ ደቂቃ ቀድሞ ከጀመረ፣ ዋናው ነገር ሲመጣ ባዶ ካሜራ ይዞ ቀረ።

ቀረጻው ሲያልቅ ፊልሙን በቆርቆሮ አሽጎ በሞተር ሳይክል፣ በባቡር ወይም በአውሮፕላን ወደ ለንደን ይልከዋል። አብሮ የሚሄድ ወረቀት አለ። ካሜራማኑ ራሱ የሚሞላው ነው። ቀን። ቦታ። የተቀረጸው ነገር በቅደም ተከተል። በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ያለዚህ ወረቀት ለንደን ያለው አዘጋጅ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ፊልሙን ቆርጦ የሚቀጥለው፣ ሙዚቃ የሚያስገባው፣ ያን የሚታወቅ ጎላ ያለ ትረካ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ካሜራማኑ ብዙ ጊዜ የራሱን ሥራ የሚያየው እንደማንኛውም ሰው ሲኒማ ገብቶ ነው። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ አይወጣም።

ስሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች በሺዎች የሚቆጠሩት ተርፈዋል። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ሰብስበው፣ ስካን አድርገው፣ ከየፊልሙ ዝርዝር ጋር አያይዘዋቸዋል። ዛሬ አንድ ተመራማሪ "ይህ ሰልፍ የቱ ነው?" ሲል መልስ የሚያገኘው ከምስሉ በላይ ከዚያ የቸኮለ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ፊት ለፊት ቆሞ መመስከር

እነዚህ ሰዎች የማስረጃ ነገር ምን ያህል እንደገባቸው የሚያሳይ አንድ ቀረጻ አለ። ኤፕሪል 1945 ነው። የብሪታንያ ጦር ቤርገን ቤልዘን የተባለውን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ተቆጣጥሯል። የሙቪቶኑ ካሜራማን ፖል ዋያንድ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ ገባ። ያኔ ከጦር ሜዳ ምስል ከነድምፁ ማግኘት ብርቅ ነበር። ወታደሮቹን፣ የጦሩን ቄስ፣ ሐኪሞችን በየተራ ካሜራ ፊት አቆማቸው። አንዱ የብሪታንያ መድፈኛ በሬሳ የተሞላ ጉድጓድ ከኋላው ሆኖ መጀመሪያ ቀኑን ይናገራል፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1945። ከዚያ ስሙን። ከዚያ የመጣበትን አውራጃ። ከዚያ ያየውን።

ለምን እንዲህ አደረጉ? ሰው አያምነንም ብለው ፈሩ። በዚያው ጊዜ ስለ ካምፖቹ ረጅም ፊልም ሲያዘጋጅ የነበረው ሲድኒ በርንስታይን ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክን አማከረ። የሂችኮክ ምክር ቀላል ነበር። ምስሉን አትቆራርጡት። ካሜራው ሳይቋረጥ ከሬሳው ተነስቶ ወደሚያዩት የአካባቢው ጀርመኖች ፊት ይሂድ። ሁለቱ በአንድ ቀረጻ ይግቡ። ተቆርጦ ተቀጠለ የሚል ሰው አፉን ይያዝ።

እኔ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። በኤአይ ዘመን ያለንበትን ጭንቀት ከ80 ዓመት በፊት አስበውታል። የመረጡት መፍትሔም የተራቀቀ ማሽን አይደለም። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ያልተቋረጠ ቀረጻ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው።

መቅረብና ዝም ማለት

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ስለተሞላ ብቻ ፊልሙ ሙሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ይህንንም ሳልደብቅ መናገር አለብኝ።

ወደ ተርነር እንመለስ። በ1947 ህንድ ሄዶ የሥልጣን ርክክቡን ቀረጸ። በቀጣዩ ጃንዋሪ ጋንዲ ሲገደሉም የስንብት ሥነ ሥርዓታቸውን ቀረጸ። ከ1952 በኋላ ደግሞ ሥራው ንግሥቲቱን መከተል ሆነ። ነገሩ "ሮታ" ይባላል። አምስቱም ድርጅቶች አምስት ካሜራ ከሚልኩ አንድ ሰው ለሁሉም ይቀርጽና ይካፈሉታል። ቤተ መንግሥቱ ግርግር አይወድም፣ ድርጅቶቹም ወጪ ይቀንሳሉ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ከኖቬምበር 1953 እስከ ሜይ 1954 ከቤርሙዳና ጃማይካ ጀምረው በፊጂ፣ በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በሲሎን፣ በኤደንና በኡጋንዳ አድርገው ሲዞሩ ተርነር አብሮ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ማንም የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ግን ፈቃዱ በሌላ ሰው እጅ ነው። ነገ እንዲጠሩት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚቀርጸው እንዲቀረጽ የተፈለገውን ነው። ይህን የምለው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም። ሙያው ውስጥ ያለ ችግር ነው። ተመልካቹ አምስት ሲኒማ ቢዞር የሚያየው በአንድ ዓይን የታየውን ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በኦክቶበር 1954 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለንደንን በይፋ ጎበኙ። ንግሥቲቱ በቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ተቀበሏቸው። ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ፣ ዘብ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተኮለኮለ ሕዝብ። ዛሬ ስልካችን ላይ ከሚዞሩት ፊልሞች አንዱ ይኸው ነው። በጣም ያምራል። የዜና ፊልሙ ዓይን ግን ሠረገላው ላይ ነው። በዚያ ሰሞን በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበረው ትልቁ ጉዳይ የመሬት ጉዳይ ነበር። ብሪታንያ ከጦርነቱ ዘመን ጀምሮ የያዘችው፣ በኦጋዴን በኩል ያለው የሐውድና የአካባቢው ምድር ለኢትዮጵያ እንዲመለስ የሚደነግገው ስምምነት የተፈረመው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 29 ቀን ለንደን ውስጥ ነው። በዚያ ግጦሽ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ሕይወት በዚያ ወረቀት ተወሰነ። ይህ ጉዳይ በሠረገላ አይሄድም፣ ስለዚህ ለካሜራ አይመችም። ፊልሙን አይተን "ያኔ እንዴት ተከብረን ነበር" ብቻ ብለን ካለፍን ግማሹን አላየንም።

ኬንያ ላይ ደግሞ የባሰ ነበር። ከ1952 ጀምሮ የብሪታንያን ቅኝ አገዛዝ በተዋጋው በማው ማው ንቅናቄ ላይ በተከፈተው ዘመቻ የዜና ፊልም ካሜራማኖች የሚሄዱት ጦሩ ወደሚወስዳቸው ቦታ ነው። ለንደን ሲኒማ ቤት የደረሰው የታጠቁ ሰፋሪዎች፣ አሰሳና የተያዙ ሰዎች ምስል ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የታጎሩባቸው ካምፖች ውስጥ የሚደረገውን ግርፋት ማንም ሲኒማ ውስጥ አላየውም። የብሪታንያ መንግሥት በደሉን አምኖ ለ5,228 ኬንያውያን ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል የተስማማው በ2013 ነው። የድሮ ፊልም ስናይ ካሜራው ያልዞረበትን አቅጣጫም መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ሲኒማው ሲዘጋ

የሙያው መጨረሻ በፍጥነት መጣ። ቢቢሲ የራሱን የቴሌቪዥን የዜና ፊልም በ1948 ጀመረ። በጁን 1953 የንግሥቲቱ ዘውድ መጫን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በቀጥታ አየ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን የቆየ ዜና ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ጠፋ። በ1960 የሲኒማ ትኬት ሽያጭ ወደ 500 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ዩኒቨርሳል በ1956፣ ፓራማውንት በ1957፣ ጎሞንት በ1959 ተዘጉ። ፓቴ እስከ 1970፣ ሙቪቶን እስከ 1979 ተንገዳገዱ።

ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ብዙዎቹ ቀለል ያለውን የ16 ሚሊሜትር ካሜራ አንስተው ወደ ቴሌቪዥን ገቡ። በ1957 ቢቢሲ፣ የካናዳና የአውስትራሊያ ብሮድካስት ድርጅቶች እንዲሁም የጎሞንት ባለቤት የነበረው ራንክ ሆነው አንድ የዜና ፊልም ኤጀንሲ አቋቋሙ። በ1964 ስሙ ቪስኒውስ ሆነ። ኋላም በሮይተርስ እጅ ገባ። የሲኒማ ቤቱ የዜና ፊልም ወራሽ ቪስኒውስ ነበር ማለት ይቻላል።

ቪስኒውስ ሲባል እኛ አገር የሚታወስ አንድ ሰው አለ። መሐመድ አሚን። ኬንያዊ ነው፣ መቀመጫው ናይሮቢ። በኦክቶበር 1984፣ በእኛ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። የቀረጸው ኦክቶበር 23 በቢቢሲ ታየ። ከዚያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። የእርዳታ ዘፈኑ፣ ኮንሰርቱ፣ እህሉ፣ አውሮፕላኑ። አንድ ሰው በአንድ ካሜራ ዓለምን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰ ቢባል ማጋነን አይደለም።

የአሚን ሕይወት ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ነበር። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ በጁን 1991፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያ ባልደረባው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ተነስቶ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

የኮረሙን ፊልም ማንም "የውሸት ነው" ማለት አልቻለም። ማን እንደቀረጸው፣ መቼ፣ የት፣ ማን እንደተረከው ይታወቃል። ግን እዚያም ጉድለት አለ። ትረካው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የመጣ መቅሰፍት አስመስሎ አቀረበው። ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲው ለብዙ ተመልካች በኋላ ነው የተሰማው። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ለንደን ላይ መኳንንቱ ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸው ተጽፏል። ኮረም ላይ በነጠላ ተጠቅልለው ከሚታዩት ሰዎች የብዙዎቹን ስም አናውቅም። የሰው ፊት በዓለም ሁሉ ታየ፣ ስሙ ግን አልተጠየቀም።

ዛሬ ማን እጅ ነው ያለው?

በ2014 ፓቴ 85,000 ያህል ፊልሞቹን በዩቲዩብ ለቀቀ። በ2015 አሶሼትድ ፕሬስ የሙቪቶንን ስብስብ ጨምሮ ብዙ ሺህ ሰዓት ለቀቀ። የጎሞንት፣ የፓራማውንትና የቪስኒውስ ፊልሞች ሮይተርስ ዘንድ ናቸው። ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ለንደን ሄዶ፣ ቀጠሮ ይዞ የሚታየውን ዛሬ ደሴ ያለ ተማሪ በስልኩ ያየዋል።

ማየትና መጠቀም ግን ይለያያሉ። ማየቱ ነፃ ነው፤ ለዘጋቢ ፊልም መጠቀም ከፈለግክ ፈቃድ መግዛት አለብህ፤ ክፍያውም በዶላር ወይም በፓውንድ ነው። የአገሩን ታሪክ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የአያቱን ምስል ከለንደን ይገዛል። ድርጅቶቹ ፊልሙን ጠብቀው፣ አጽድተው፣ ወደ ዲጂታል ለውጠው እንዳኖሩት አውቃለሁ፣ ያ ገንዘብ ያስወጣል። ቢሆንም ለተቀረጹት አገሮች ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ መዛግብትና ወጣት ፊልም ሠሪዎች ቢያንስ በቅናሽ ሊሰጡ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ያ ፊልም ያለ እነዚያ ሰዎች ፊት አይኖርም ነበር።

ዋጋውን ሽሽት ሰዉ ሌላ መንገድ ያዘ። ቪዲዮውን ያወርዳል፣ ሎጎውን ይቆርጣል፣ ትረካውን ያጠፋል፣ ዘፈን ይለጥፋል፣ ቲክቶክ ላይ ይጭናል። ከሎጎው ጋር ቀኑም፣ ቦታውም ይሄዳል። ባርሃም ላይ የደረሰው ነገር በየቀኑ ይደገማል። ባዶውን ቦታ ደግሞ ግምት ይሞላዋል። "ይህ እቴጌ መነን ናቸው"፣ "የለም፣ ልዕልት ናቸው" እያለ ኮሜንቱ ይሟገታል።

ኤአይ የመጣው እዚህ በተከፈተው በር ነው። አንድ ሰው ነገ "የአድዋ ጦርነት እውነተኛ ፊልም" ብሎ ቢለጥፍ በምን እንይዘዋለን? በጊዜ ስሌት። ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፋይ ሕዝብ ፓሪስ ላይ የታየው በዲሴምበር 1895 ነው። አድዋ ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ከፈረንሳይ ወደ አድዋ ካሜራ ይዞ የሄደ ሰው የለም። ስለዚህ የአድዋ ጦርነት ፊልም የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሁሉ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይሆንም። የ1936ቱን፣ የ1941ዱን፣ የ1974ቱን በስሌት ብቻ መለየት አይቻልም። እነዚያ ዘመኖች እውነተኛ ፊልምም አላቸው፤ የውሸቱ ከእውነተኛው መሀል ተቀላቅሎ ይቀመጣል።

የቴክኖሎጂ ድርጅቶች መፍትሔ እየሞከሩ ነው። በ2021 አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎች ተሰባስበው አንድ መስፈርት ማዘጋጀት ጀመሩ። ካሜራው ራሱ ቀኑን፣ መሣሪያውንና የተደረገውን ለውጥ ከፎቶው ጋር በምስጢራዊ ፊርማ ያሽጋል። በ2023 ላይካ ይህን የያዘ የመጀመሪያውን ካሜራ ለገበያ አወጣ። ተርነርና ጓደኞቹ በእጅ የሞሉት ወረቀት በዲጂታል ተመለሰ ማለት ነው። ችግሩ ብዙ መተግበሪያዎች ፎቶና ቪዲዮ ሲጫን ያንን መረጃ ያወልቁታል። መሣሪያውም ገና በብዙ ሰው እጅ የለም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። የቤተሰብ ወይም የሠፈር ታሪክ ስትቀርጹ መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ስማችሁን በድምፅ ተናገሩ። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ "እንደ ፋይል" ብላችሁ ላኩ፣ ጥራቱም ሆነ አብሮት ያለው መረጃ የሚተርፈው ያን ጊዜ ነው። የድሮ ፊልም ስታጋሩ ዋናውን ሊንክ ጨምሩ። ፍለጋ ስታደርጉ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በአቢሲኒያም፣ በአዲስ አበባ ልዩ ልዩ አጻጻፎችም ሞክሩ፤ የድሮ ዝርዝሮቹ በዚያ ዘመን አጠራር እንደተመዘገቡ ናቸው።

አንድ ሌላ ሥራ ደግሞ አለ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን የጎበኙት በፌብሩዋሪ 1965 ነው። የዚያን ጊዜ 20 ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ 80 አልፎታል። በእነዚያ ፊልሞች ላይ ጃንሆይንና ንግሥቲቱን ሁሉም ያውቃል። ከኋላ የቆመውን የክብር ዘበኛ፣ አበባ የያዘችውን የትምህርት ቤት ልጅ፣ ከመንገዱ ዳር የሚያጨበጭበውን ሰው የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ቀርተዋል። ቪዲዮውን ከፍታችሁ ለአያቶቻችሁና ለሠፈሩ ሽማግሌዎች አሳዩአቸው። የሚያውቁትን ሰው ሲያዩ አቁሙትና ደቂቃውን መዝግቡ። ስሙን፣ የአባቱን ስምና የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከዚያ ከቪዲዮው ሥር አስፍሩት፣ ለድርጅቱም በኢሜይል ላኩት።